አንቲቦዲ የሌለው ኦይስተር እንዴት ይተርፋል? ለምንስ በገፍ ይሞታል?

አንድ አንባቢ ያቀረቡልን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ኦይስተር አንቲቦዲ የለውም ሲባል ሰማሁ። ቀን ከሌት ግን ባክቴሪያ የሞላበት ውሃ ሲያጣራ ይውላል፣ ያድራል። ታዲያ እንዴት በሕይወት ይቆያል? በሽታ የሚከላከሉ ጂኖቹ ከሰው ይበልጣሉ ከተባለ ደግሞ አንድ እርሻ ሙሉ በሳምንት ውስጥ ለምን ያልቃል? ክትባትስ አይሠራለትም?»

ኦይስተር በጥንድ ዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ሰዎችም ለምግብ በባሕር እርሻ የሚያረቡት እንስሳ ነው። በአጭሩ ልመልስና ከዚያ ላብራራ። ኦይስተር ጂን አላነሰውም። በብዛት የሚሞተው ያሉት ጂኖች ዘግይተው ሲነሱ፣ ማለትም ሥራ ለመጀመር ሲዘገዩ ነው። ክትባትን በተመለከተ፣ እኛ በምናውቀው መልኩ አይሠራለትም። ግን በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

መጀመሪያ የሌለውን ነገር እንይ። እኛ ሁለት ዓይነት መከላከያ አለን። አንደኛው አብሮን የተወለደው ነው። ማንኛውንም ወራሪ በጥቅሉ ያውቃል፣ ወዲያውም ይነሳል። ሁለተኛው በዕድሜያችን የሚማረው ነው። አንድን ጀርም ለይቶ አንቲቦዲ (ያንን ጀርም ብቻ የሚይዝ ፕሮቲን) ይሠራበታል፣ ጀርሙንም ለዓመታት ያስታውሰዋል። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ዳግም የማይያዘው ለዚህ ነው። ይህ ሁለተኛው ሥርዓት ያለው አከርካሪ ባላቸው እንስሳት ዘንድ ብቻ ነው። ኦይስተር፣ እንደ እሱ ጥንድ ዛጎል ያላቸው መስልና ክላም፣ ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በመጀመሪያው ብቻ ነው።

አሁን ኦይስተር የሚኖርበትን ውሃ ያስቡት። አንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን ባክቴሪያ ይገኛል። ቫይረስ ደግሞ 10 ሚሊዮን ገደማ። አንድ ያደገ ኦይስተር ሲመቸው በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ያጣራል። የሚፈልገው በዋናነት አልጌ ነው፣ የቀረው ግን አብሮት ይገባል። በዚያ ላይ ደሙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ብቻ አይሄድም። ከልቡ ወጥቶ በሰውነቱ ክፍተቶች ውስጥ ይፈስሳል፣ ሥጋውን በቀጥታ ያጥባል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ደግሞ አለ። የጤነኛ ኦይስተር ደም ከባክቴሪያ የጸዳ አይደለም። ጥቂት ባክቴሪያዎች ሁልጊዜ አሉበት፣ እሱም አይታመምም። ስለዚህ የመከላከያው ሥራ ጀርም የሚባልን ሁሉ መፍጀት ሳይሆን የትኛውን ችሎ የትኛውን እንደሚመታ መለየት ነው።

ዛጎሉን ሁሉም ሰው ያያል። ከዛጎሉ ቀጥሎ ያለውን መከላከያ ግን ብዙዎች ይረሱታል። ስንጥቡና ሌላው የውጭ ገጹ በዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሌክቲን በጀርሙ ገጽ ላይ ያለውን ስኳር ይዞ ይጣበቅበታል። በዚህ መንገድ ኦይስተሩ ምግቡንም ይመርጥበታል፣ ወራሪውንም ይይዝበታል። ብልህ አሠራር ነው፣ አንዱ ዕቃ ለሁለት ሥራ።

ይህን አልፎ የገባውን የሚጠብቁት ሄሞሳይት የሚባሉ የደም ሴሎች ናቸው። ወራሪውን ውጠው በኢንዛይም ይፈጩታል፣ ኦክስጅን ካላቸው መርዛማ ውህዶች ጋር ያገናኙታል። ለመዋጥ ከተለቀባቸው ተሰብስበው ይከቡታል። ከሥጋው ወጥተው እስከ ውጭው ገጽ ድረስም ይንቀሳቀሳሉ። ሴል ጀርምን ውጦ ይከላከላል የሚለው ሐሳብ ራሱ ከባሕር እንስሳ የመጣ ነው። ሳይንቲስቱ ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያኗ መሲና በኮከብ ዓሣ እጭ ላይ ነው ያየው። በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ጂኖቹ እንምጣ። የፓስፊክ ኦይስተር ሙሉ የዘረመል ካርታ የታተመው በ2012 ነው። ወደ 28,000 የሚጠጉ ጂኖች ተቆጠሩበት። ሳይንቲስቶቹን ያስገረመው የመከላከያ ጂኖቹ ብዛት ነበር። ጀርምን የሚያውቁ «ቶል መሰል ተቀባዮች» የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። በሰው ላይ 10 ናቸው። በኦይስተሩ ላይ ከ80 በላይ ተገኙ። «ሲ1ኪው» የተባለ ክፍል ያላቸው ጀርም ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች በሰው 30 ገደማ ናቸው፣ በኦይስተሩ ከ300 ያልፋሉ።

እርስዎም የሰሙት ይህን ይመስለኛል። ቁጥሩ ያስደንቃል፣ እኔ ግን ቆም ብለው እንዲያስቡበት እመክራለሁ። ጂን ሲባዛ ቅጂው ሁሉ ያንኑ ሥራ አይደግምም። አንዱ ስንጥብ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ደም ሴል ውስጥ። አንዱ በእጭነት ዘመን ይነቃል፣ ሌላው ካደገ በኋላ። ደግሞም ብዙዎቹ ለጀርም ብቻ የተባዙ አይደሉም። በዚያው ጥናት ሴልን ከሙቀት ጉዳት የሚጠብቁ «ኤችኤስፒ70» የሚባሉ ጂኖች 88 ሆነው ተገኝተዋል፣ በሰው 17 ናቸው። ሴል ራሱን እንዳይገድል የሚያግዱ «አይኤፒ» የሚባሉት ደግሞ 48 ናቸው፣ በሰው 8። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ኦይስተሩ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፀሐይ ሰውነቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ልታደርሰው ትችላለች። ሮጦ አያመልጥ ነገር፣ ዛጎሉን ገጥሞ መቻል ነው ያለው። ስለዚህ የጂን ቆጠራው ስለ በሽታ የሚነግረንን ያህል ስለ ኑሮውም ይነግረናል።

ጀርሙን በቀጥታ የሚመቱት ትንንሽ ፕሮቲኖች ለእኔ ከቁጥሩ የበለጠ አስገራሚ ናቸው። ዲፌንሲን አንዱ ነው። ባክቴሪያ የራሱን ግድግዳ የሚሠራበት «ሊፒድ ሁለት» የሚባል ጥሬ ዕቃ አለው። የኦይስተር ዲፌንሲን ይህን ጥሬ ዕቃ ይይዘዋል። ግድግዳው መታነጹን ያቆማል፣ ባክቴሪያው ይሞታል። ቫንኮማይሲን የተባለው የታወቀ አንቲባዮቲክም የሚመታው ይህንኑ ዕቃ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ሲለኩ ብዙ ጊዜ ደካማ ናቸው። ሲደባለቁ ግን አንዱ ሌላውን ያጠናክራል። ኦይስተሩም ብዙ ዓይነት አለው፣ በአንድ ሴል ውስጥ አጠራቅሞ ጀርሙ ባለበት ቦታ ይለቃቸዋል።

የመስል ነገር ደግሞ ጉድ ነው። በ2020 የሜዲትራኒያን መስል ዘረመል ሲጠና ወደ 65,000 ጂኖች ተገኙ። ከእነዚህ 20,000 ያህሉ በሁሉም መስል ላይ የሉም። አንዱ መስል ያለው ጂን ጎረቤቱ ላይ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። ይህን በሰው ልኬት ማሰብ ይከብዳል። እንዲህ ከሚጠፉትና ከሚገኙት መካከል የመከላከያ ጂኖች ይበዛሉ። አንድ ጀርም የአንዱን መስል መከላከያ ቢያልፍ አጠገቡ ያለው ሌላ ዓይነት መከላከያ ይዞ ይጠብቀዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ መከላከያው የአንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፣ የመንጋው ነው። የባሕር ዛጎል ለበሶችን በሽታ ስናወራ ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ከጥቂት እናትና አባት የተፈለፈለ እርሻ ይህን ብዝኃነት ያጣል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ታጥቆ ለምን ይሞታል?

ሁሉም የሚጠቅሰውን ምሳሌ ልውሰድ። «ኦይስተር ሄርፒስ ቫይረስ አንድ» የሚባል ቫይረስ አለ። በ2008 በፈረንሳይ «ማይክሮቫር» የተባለው ዓይነቱ ብቅ አለ። ወጣት ኦይስተሮች እንደ ቅጠል ረገፉ። በአንዳንድ እርሻዎች ከ80 በመቶ በላይ ሞቱ። በ2010 ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ደረሰ፣ በ2016 የአውስትራሊያዋን ደሴት ታዝማኒያን መታ። በአውሮፓ ወረርሽኙ የሚነሳው የባሕሩ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው።

ለረጅም ጊዜ ገዳዩ ማን እንደሆነ ክርክር ነበር። አንዱ ቫይረሱ ነው ይላል፣ ሌላው ከሞቱት ኦይስተሮች ውስጥ የሚገኘው ቪብሪዮ የተባለው ባክቴሪያ ነው ይላል። በ2018 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ሁለቱም እንዳሉበት በቅደም ተከተል አሳየ። ቫይረሱ መጀመሪያ ሄሞሳይቶቹን ይይዛል። ሄሞሳይቶቹ ሲዳከሙ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩት ጂኖች ሥራ ይቀንሳል። ያኔ ከቀድሞም በኦይስተሩ ላይ የነበሩና ዕድል የሚጠብቁ ባክቴሪያዎች ይፈላሉ። ደሙን ይወርሩታል፣ ኦይስተሩም ይሞታል። ቫይረሱ መንገዱን ይከፍታል፣ ባክቴሪያው ይጨርሳል።

የእርስዎ ጥያቄ መልስ ያለው በዚሁ ጥናት ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚሞቱ የኦይስተር ቤተሰቦችንና (ከአንድ እናትና አባት የተወለዱትን) የሚቋቋሙ ቤተሰቦችን ጎን ለጎን አነጻጸሩ። የሚሞቱት ፀረ ቫይረስ ጂን አጥተው አልነበረም። ጂኖቹ በእነሱም ላይ አሉ፣ ተነስተዋልም። ግን የተነሱት ቫይረሱ በብዛት ከተራባ በኋላ ነው። የሚቋቋሙት ደግሞ ገና ከጅምሩ አነሷቸው። ቫይረሱ ሳይባዛ ቀረ፣ ሄሞሳይቶቹ ተረፉ፣ ባክቴሪያውም አልፈላም። ልዩነቱ የሰዓታት ነው። ለዚህ ነው የጂን ቁጥር ብቻ ይዞ «ይህ እንስሳ ጠንካራ ነው» ማለት የማያዋጣው። አንድ ነገር ልጨምር። ቫይረሱም ባዶ እጁን አይመጣም። ሴል ራሱን እንዳይገድል ከሚያግዱት የኦይስተር ጂኖች ጋር የሚመሳሰሉ የራሱን ጂኖች ይዞ ነው የሚመጣው። የተያዘው ሴል ቶሎ ከሞተ ቫይረሱ መራቢያ ያጣል፣ ስለዚህ ሴሉን ያቆየዋል።

አካባቢውም የራሱ ድርሻ አለው። በሙከራ ሲታይ ውሃው 29 ዲግሪ ሲደርስ ከ21 ዲግሪው ይልቅ ሞቱ ይቀንሳል። ምግብ በዝቶላቸው ፈጥነው የሚያድጉ ወጣት ኦይስተሮች ደግሞ በቫይረሱ ይበልጥ ይጠቃሉ። «በደንብ የበላ አይታመምም» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ሁሉም ጀርም ግን እንዲህ በፍጥነት አይገድልም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ዴርሞ የሚባል በሽታ አለ። የሚያመጣው ፐርኪንሰስ ማሪነስ የተባለ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ ከሄሞሳይት አይሸሽም፣ እንዲዋጥ ነው የሚፈልገው። ኦይስተሩ ጀርም የሚይዝበት ጋሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ፐርኪንሰስ ይህንኑ ፕሮቲን ተጠቅሞ ወደ ሄሞሳይቱ ይገባል። ሳይፈጭ ውስጡ ይራባል፣ በሴሉ ተሸክሞም በሰውነቱ ሁሉ ይዳረሳል። ሌባው ዘበኛው አዝሎ እንዲያስገባው አደረገ ማለት ነው። ስለዚህ «መከላከያው ይበርታ» ብቻ ማለት አይበቃም። አንዳንዴ የሚያስገድለው መከላከያው ራሱ የከፈተው መንገድ ነው። የኦይስተሩ ምላሽም በዚሁ ልክ ረቂቅ ነው። ጥገኛው ሥጋ የሚበላበት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም አለው። ኦይስተሩ ይህን ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን ይሠራል። የዚህ ፕሮቲን ጂን የተወሰነ ዓይነት ያላቸው ኦይስተሮች ዴርሞን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ እንግዳ ነገር አለ። በክላም፣ በመስልና በሌሎች ጥንድ ዛጎሎች ላይ የሚተላለፍ ካንሰር ተገኝቷል። በ2015 ማያ አሬናሪያ በተባለው ክላም ላይ እንደታየው የካንሰር ሴሎቹ ከአንዱ እንስሳ ወጥተው በባሕር ውሃ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። እኛ የሌላ ሰው ሥጋ ቢገባብን የሚማረው መከላከያችን ለይቶ ይጥለዋል። ክላሙ ያ የለውም።

አሁን ወደ ክትባት። አንቲቦዲ በሌለበት የተለመደው ክትባት ትርጉም የለውም። ግን ተፈጥሯዊው መከላከያ ምንም አያስታውስም የሚለው የድሮ ትምህርት እየተሻሻለ ነው። ፖሊ አይሲ የተባለ የቫይረስ አርኤንኤ (ከዲኤንኤ የሚለይ ሌላ የዘረመል ቁስ) የሚመስል ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር አለ። ኦይስተር ላይ ሲወጋ ፀረ ቫይረስ ጂኖቹ ይነሳሉ። ከወራት በኋላ ሄርፒሱ ሲመጣ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ከዚህም አልፎ እናትየዋ ከተወጋች እጮቿም በተሻለ ይቋቋማሉ። የሚገርመው ሄርፒሱ የዲኤንኤ ቫይረስ ነው፣ ንጥረ ነገሩ ደግሞ አርኤንኤ መሰል። ይህ አንድን ጀርም ለይቶ ማስታወስ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል። ሰውነቱን በጠቅላላው ነቅቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ችግሩ ሥራው ላይ ነው። አንድ እርሻ በሚሊዮን የሚቆጠር ኦይስተር አለው። እያንዳንዱን አደንዝዞ፣ ዛጎሉ ሲከፈት መርፌ መውጋት አይታሰብም። በ2022 የታተመ ጥናት ሌላ መንገድ አሳየ። እጮቹ ገና በመጀመሪያ ቀናቸው የተለያዩ ተሕዋስያን ባሉበት ውሃ እንዲያድጉ ተደረገ። ሲያድጉ ሄርፒሱን በተሻለ ተቋቋሙ፣ ልጆቻቸውም እንዲሁ። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህኛው ነው። ማስፈልፈያ ጣቢያዎች ውሃውን በጣም እያጠሩ እጭ ማሳደጋቸው ራሱ የሚያሳጣው ነገር እንዳለ ያሳያልና። አንቲባዮቲክ ግን ክፍት ባሕር ላይ አያስኬድም። በቫይረስ ላይም አይሠራም።

እስካሁን በእርሻ ላይ በእርግጥ የሠራው ዘር መምረጥ ነው። ይህን መጀመሪያ ያሳየችው ተፈጥሮ ራሷ ናት። በ1915 በካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ ማልፔክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ኦይስተሩ በጅምላ አለቀ። ጥቂቶች ተረፉ። የተረፉት ተባዙ፣ በሃያ ዓመት ገደማ ሕዝባቸው አገገመ። በ1950ዎቹ በሽታው ወደ ዋናው የካናዳ ምድር ጠረፍ ሲሻገር የእነዚህ ዘሮች ተወስደው እዚያ ተለቀቁ። በዴላዌር ባሕረ ሰላጤ ኤምኤስኤክስ የተባለው በሽታ በ1957 ሲነሳም የራትገርስ ዩኒቨርሲቲው ሃሮልድ ሃስኪን ከሞት የተረፉትን እየመረጠ ማራባት ጀመረ። ዛሬ ሄርፒሱን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በፈረንሳይ፣ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ የሚመረጡት በዚሁ መንገድ ነው። ባሕርዩ ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ ይተላለፋል፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥም ለውጥ ይታያል።

«አንዱን ጥሩ ጂን ፈልጎ መምረጥ አይቻልም ወይ?» የሚለው ተከታይ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መቋቋም በብዙ ጂኖች ላይ የተበተነ ነው። ደግሞ ለአንዱ በሽታ የተመረጠ ለሌላው ዋስትና አይሆንም። ሄርፒሱን የሚቋቋም ቤተሰብ ትልልቅ ኦይስተሮችን በሚገድለው ቪብሪዮ ኤስቹዋሪያነስ ሊሞት ይችላል። አጥብቆ መምረጥም ዋጋ ያስከፍላል፤ ከላይ ያልኩትን ብዝኃነት ይቀንሰዋል።

ሽሪምፕን ሳልነካ ላልፍ ነበር። ግን ባለ ዛጎል ከሚባሉት ጋር አብሮ ስለሚቆጠር ትንሽ ልበል። የእሱ ዋና መሣሪያ ለየት ይላል። ቁስል ወይም ጀርም ሲኖር ፕሮፌኖልኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይነቃል፣ ጥቁር ሜላኒን ይሠራል፣ ወራሪውን በዚያ ሸፍኖ ያፍነዋል። በሽሪምፕ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ የዚህ ውጊያ ምልክት ናቸው። ከ1992 ጀምሮ በእስያ የተዛመተው የነጭ ነጠብጣብ ቫይረስ ግን ኩሬ ሙሉ ሽሪምፕ ከ3 እስከ 10 ቀን ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። እዚያም ዋናው መላ ከበሽታ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ ጫጩት ማስገባትና ቫይረሱ እንዳይገባ መጠበቅ ነው።

በጥያቄዎ ባይኖርም ሁሌ የሚከተለውን ልመልስና ላብቃ። በእነዚህ በሽታዎች የተያዘ ኦይስተር የበላ ሰው ይታመማል? የኦይስተሩ ሄርፒስ፣ ዴርሞ፣ ኤምኤስኤክስ ሰውን አይዙም። ሰውን የሚያሳምሙት ኦይስተሩን እምብዛም የማያስቸግሩት ናቸው። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ በሞቃት ውሃ ይበዛል፣ ጉበታቸው ለታመመ ሰዎች ጥሬውን መብላት ሕይወት እስከ ማሳጣት ያደርሳል። ኖሮቫይረስ ደግሞ በሰው ፍሳሽ ወደ ባሕር ይገባል። የኦይስተሩ የምግብ መፍጫ አካል ላይ ቫይረሱ የሚጣበቅባቸው ስኳሮች አሉ፤ በሰው አንጀት ላይ ከሚይዛቸው ጋር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ኦይስተሩን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ቀን ማቆየት ብዙ የአንጀት ባክቴሪያን ሲያጥብ ኖሮቫይረሱን ግን በደንብ አያወጣውም። ለዚህ የሚያዋጣው የሚያድግበት ባሕር ፍሳሽ እንዳይገባበት መቆጣጠርና በደንብ አብስሎ መብላት ነው።